የደጅ መብራት የማን ነው?

ሰሞኑን ሐይቅ ከተማ አጎቴ ቤት አድሬ ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ፣ ከቡናውና ከጌሾው መሐል፣ አራት አምፖል አስተክለዋል። ሽቦው ከሳሎኑ መስኮት ይወጣና በቆርቆሮው አጥር ላይ ተጠምጥሞ እስከ በሩ ይሄዳል፤ መገጣጠሚያው በናስትሮ ተጠቅልሏል። ሲመሽ ዝናብ ጣለ። አጎቴ ለልጅ ልጃቸው «አጥሩን እንዳትነካ!» ሲሉ ሰማሁ። በራሱ ግቢ አጥር መንካት የተከለከለ ልጅ አሳሰበኝ።

እኛ ኤሌክትሪክን «መብራት» ብለን ነው የምንጠራው። እንጀራው የሚጋገረው በመብራት ነው፣ ወፍጮው የሚፈጨው በመብራት ነው። መሥሪያ ቤቱም በ1948 ዓ.ም «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ተብሎ ከተቋቋመ ወዲህ ስሙ ስንት ጊዜ ተቀይሯል፤ በ2006 ዓ.ም ለሁለት ተከፍሏል፤ ሕዝቡ ግን እስካሁን «መብራት ኃይል» ነው የሚለው። ኤሌክትሪክ ወደ እኛ የመጣው ብርሃን ሆኖ ስለሆነ ነው። ጥያቄው ለማን የሚል ነው።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር ውሉን ሲፈራረሙ በዚያ አገር የሌሊቱ ብርሃን ችቦና ጧፍ ነበር። በ1890 ዓ.ም ገደማ ግን አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ አምፖል በራ። በ1924 ዓ.ም በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ሥራ ሲጀምር ብርሃኑ ወደ ከተማው ሰፋ። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ያው ነው፦ መጀመሪያ ግቢ፣ ቀጥሎ ዋናው መንገድ፣ ቀጥሎ ሳሎን። ጓሮ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

(በነገራችን ላይ፣ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የተነሳ ከኢጣሊያ ጋር ጦር ተማዘናል። ኤሌክትሪሻኖቻችን ግን ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲናገሩ ይውላሉ፤ ኮረንቲ፣ ባልቦላ፣ ስፒና፣ ናስትሮ። ሙያው ከማን እጅ እንደመጣ ቃሉ ይመሰክራል።)

ጓሮ ጨለማ ሆኖ የቀረው ሰው በሌሊት ስለማይወጣ አይደለም። ወሎ በሌሊት የሚነቃ አገር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ባቀኑት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ማኅሌቱ የሚቆመው በሌሊት ነው፤ የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት የያዙት ማዕረግም «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር። በረመዳን ደግሞ ጎረቤት ከተራዊህ የሚመለሰው ከመሸ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ጅቡ አለ፣ ጭቃው አለ፣ ከቤት ርቆ የተሠራው ሽንት ቤት አለ። ይህ ሁሉ ሲታለፍ የኖረው በኩራዝና በፋኖስ ነው።

ታዲያ አሁን ጓሮውን ማን አበራው? ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም 5150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር በቃላችን ያዝን። እኔ ግን የአጎቴን ጓሮ ያበራው ኤልኢዲ አምፖል ነው እላለሁ። ድሮ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ሌሊቱን ሙሉ 12 ሰዓት ቢበራ በወር 21.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በመጀመሪያውና በርካሹ የታሪፍ እርከን ያለው ደግሞ 50 ብቻ ነው። ለደጅ ያን ያህል የሚያወጣ ሰው አልነበረም። የአጎቴ አራት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 7 ዋት ናቸው፤ አራቱ ተደምረው በወር 10 አካባቢ ነው የሚቆጥሩት።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። አምፖሉ አነሰ፤ ቮልቱ ግን ያው 220 ነው። ሰው «ትንሽ መብራት ናት» ብሎ ቀጭን ሽቦ ይዘረጋል። አንድ ባለ 7 ዋት አምፖል የሚስበው ኮረንቲ ቢያንስ 32 ሚሊ አምፔር ነው። ሰውን ለማዳን የሚገጠመው፣ ኮረንቲ ሲያፈተልክ የሚቆርጠው ብሬከር ደግሞ የሚቆርጠው በ30 ነው። ማለትም ያቺ «ትንሽ» አምፖል የምትበላው ለመግደል ይበቃል። ተራው ባለ 10 አምፔር ብሬከር ይህን አይሰማውም፤ እሱ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ልጁ እንዳይያዝ አይደለም።

ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው? አገልግሎቱ ከቆጣሪ በኋላ ያለው መስመር የደንበኛው ነው ይላል። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ደረጃ ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ አለን። ለባለሙያ የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ ባለሥልጣንም አለን። የሐይቅን ጓሮ ለማየት የመጣ ግን የለም። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ የመንገዱን ዳር ሲያደምቅ አይቻለሁ፤ መጥፎ ነገር ነው አልልም። ግን ለመንገዱ መብራት ከሚወጣው ላይ ትንሽ ተቀንሶ አንድ ተቆጣጣሪ በየቀበሌው ቢዞር ምን ነበረበት? ዛሬም ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚታየው ብርሃን ነው።

አጎቴን ሽቦውን ንቀሉት ለማለት አልደፈርኩም። ምክንያቱን አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሐይቅንና አምባሰልን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መስመሩ ተቋርጦ ነበር፤ ሶላር ያለውም ቢሆን ብርሃኑ ወደ ውጭ እንዳይታይ በጨርቅ ይከልል ነበር። ያንን ያየ ሰው ደጁን ማብራት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ላስረዳው አልችልም።

በማግሥቱ ሙያውን የሚያውቅ ልጅ ፈልገን አመጣን። መጀመሪያ ያደረገው ነገር አጥሩን በመፈተሻ ነክቶ ማየት ነው፤ ፈታሿ በራች። ከዚያ የሚያስፈልገውን ቆጠረ፦ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ገብቶ አንድ ክንድ ያህል ይቀበር፣ መገጣጠሚያው ውሃ በማያስገባ ሳጥን ይሁን፣ ባለ 30 ሚሊ አምፔሩ ብሬከር ይገጠም፣ የመሬቱ ዘንግ ይተከል። አጎቴ ዋጋውን ሲሰሙ ዝም አሉ።

«ሦስቱን ንቀላቸው» አሉ ቆይተው። «የበሯን ግን እንደ ነገርከኝ አድርገህ ሥራት። ጎረቤቶቼ ከመስጊድ ሲመለሱ በእሷ ነው የሚያልፉት።»

ቁፋሮውን ከሰዓት በኋላ ጀመርን።