ፈረቃ፦ የከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጥበት ታሪክ

ፈረቃ አንድን የትምህርት ቤት ግቢ ሁለት የተለያዩ የተማሪ ቡድኖች ጠዋትና ከሰዓት ተከፋፍለው የሚማሩበት አሠራር ነው። የጠዋቱ ተማሪ እኩለ ቀን ላይ ሲወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተራው በየሳምንቱ ይቀያየራል። በኢትዮጵያ ከተሞች ይህ አሠራር ሲገባ የተባለው ክፍል እስኪሠራ ድረስ ነው። ክፍሉ ግን በተሠራ ቁጥር የተማሪው ቁጥር ቀድሞት ስለሚገኝ፣ ጊዜያዊው መፍትሔ ለብዙ ትውልድ ቋሚው ትምህርት ቤት ሆኖ ቀርቷል።

የጥበቱ መነሻ የትምህርት ቤቶች አቀማመጥ ነው። ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን መልሶ ሲከፍት አብዛኞቹ በአዲስ አበባ፣ በጠቅላይ ግዛት ዋና ከተሞችና በአውራ ጎዳና ዳር ነበሩ። በ1940 ዓ.ም. በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ገበሬው ለትምህርት እየከፈለ ልጁ ግን ትምህርት ቤት የሚያገኘው በአብዛኛው ከተማ ሲሄድ ነበር። ስለዚህ የገጠር ልጆች ዘመድ ቤት ተጠግተው ወይም ለሦስት ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት የሚላክላቸውን ስንቅ እየቆጠቡ ይማሩ ነበር። በከተማ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡት መካከል የከተማው ተወላጅ ያልሆነው ብዙ ነበር፤ የከተማውን ሕዝብ ብቻ ቆጥሮ የክፍል ብዛት የወሰነ ሰው መሳሳቱ አይቀርም ነበር።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1980 ድረስ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ሕፃን ለማዳረስ ግብ አስቀመጠ። ግቡ ክፍል ይፈልጋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ክፍል ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር። ወጥ በሆነ ንድፍ፣ በቆርቆሮ ክዳንና በአነስተኛ ወጪ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር፤ የአካባቢው ሕዝብም ገንዘቡንም ጉልበቱንም ያዋጣ ነበር። ያ ረጅምና ፎቅ የሌለው የክፍል ተርታ ዛሬም በብዙ ግቢ ይታያል። ለገጠር ተስማሚ ነበር። መሬት እየተወደደ በሄደበት ከተማ ግን ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ የማያድግ ሕንፃ ሜዳውን ይበላል።

የንጉሡ መንግሥት በመጨረሻ ዓመታቱ ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መምህራንና ወላጆች ተቃወሙት፤ የመምህራኑ አድማም ከየካቲት 1966ቱ አብዮታዊ እንቅስቃሴ ጋር ተቀላቀለ፤ ሐሳቡም ተጣለ። ከአብዮቱ በኋላ ቁጥሩ ዘለለ። በ1967 ዓ.ም. 957,300 ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ1978 ዓ.ም. ወደ 2,450,000 ተጠጋ፤ ትምህርት ቤቶቹም ከ3,196 ወደ 7,900 ገደማ ከፍ አሉ። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ተማሪ በአማካይ ሲሰላ ከሦስት መቶ ብዙም አልራቀም። አማካዩ ግን የከተማውን ችግር ይሸፍናል፤ ከአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ የተተከሉት በገጠር ነበርና። ከተማው ባሉት ክፍሎች የመጣውን ሁሉ ተቀበለ። ፈረቃ የከተማ ትምህርት ቤት መደበኛ መልክ የሆነው በዚህ ዘመን ነው።

የፈረቃ ዋጋ የሚከፈለው በሰዓት ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው ቢባል፣ ስድስት ክፍለ ጊዜ አራት ሰዓት ይሞላል። ከዚያ ላይ ሰልፉ፣ ሰንደቅ ዓላማው፣ ስም ጥሪውና ዕረፍቱ ሲቀነስ ለትምህርት የሚተርፈው ያንሳል። የሁለቱን ፈረቃ መገናኛ ለማቻቻል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያጥረው ደግሞ ዕረፍቱ ወይም የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ደካማ ተማሪን ከትምህርት በኋላ አስቀርቶ መርዳትም አይቻልም፤ ክፍሉ ባለተራ አለው። ለሁለት በተሠራ ዴስክ ሦስትና አራት ሆነው የሚቀመጡ ልጆች በተራ ወደ ጎን ዞረው ይጽፋሉ። 70 ተማሪ ያለው መምህር ለአንድ ደብተር ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ፣ አንድ የቤት ሥራ አርሞ ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ሁለቱንም ፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ያ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የሚያርፈው የ«ታይቷል» ምልክት ብቻ ይሆናል። ጥፋቱን በመምህሩ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ክፍያን አስቀርቶ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አደረገው። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም 3.7 ሚሊዮን የነበረውን ተማሪ በአምስት ዓመት 7 ሚሊዮን ለማድረስ አቅዶ ከዚያም በላይ አስመዘገበ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ከበር ተመልሰው ይቀሩ የነበሩ ሚሊዮኖች ገብተዋል። ለአንድ ክፍል የተቀመጠው የ50 ተማሪ ደረጃ ግን በብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ቀረ። በወላጆች መዋጮ የእንጨትና ጭቃ ማስፋፊያ ክፍል ተሠራ፤ ቤተ መጻሕፍት ወደ መማሪያ ክፍል ተለወጠ፤ የኳስ ሜዳው ጠበበ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ አዳዲስ ከተሞች ያህል የሆኑት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ችግሩን በሌላ መልክ አመጡት። ግንባታው በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ በየተራ ተነሡ። የቆየ ሰፈር ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ሽማግሌውም ወጣቱም ተቀላቅሎ ይኖርበታል። በኮንዶሚኒየም ሰፈር ግን ቤቱ በዕጣ ከተደለደለ በኋላ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ከባለዕጣዎቹም፣ ከተከራዮቹም ብዙዎቹ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወጣት ባለትዳሮች ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጨናነቀው አንደኛ ክፍል ነው፤ መጨናነቁም ከልጆቹ ጋር በየዓመቱ አንድ ክፍል ከፍ ይላል። ሕንፃው ሲታቀድ የሚቆጠረው ቤት እንጂ የልጆቹ ዕድሜ ስላልሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ከነዋሪው ዘግይቶ ይደርሳል። እስከዚያው አንዳንዱ ወላጅ ልጁን በቀድሞ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ትቶ በጨለማ ታክሲ ያሳፍረዋል። አቅም ያለው ደግሞ መኖሪያ ቤት ተከራይተው ወደሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ይልካል። የሁለቱም አቅም የሌለው በአቅራቢያው ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተጨናንቆ ይማራል።

ፈረቃን ማስቀረት ክፍል ከመጨመር ያለፈ ሥራ ነው። ሙሉ ቀን የሚውል ልጅ ምሳ ያስፈልገዋል፤ ግማሽ ቀን ሲማር ግን ቤቱ ሄዶ ይበላ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ለድሃ ልጅ የሙሉ ቀን ትምህርትን የሚቻል አደረገው። ምግቡ፣ ደንብ ልብሱና ደብተሩ በነፃ ሲሰጥ ግን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚመጣው ይጨምራልና የክፍል ጥያቄው ተመልሶ ይነሣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛ ደረጃ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሆኗል፤ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። ለታናናሾቹ ክፍል የሚተርፈው ግን ለመካከለኛ ደረጃው የራሱ ግቢ በተዘጋጀበት ቦታ ብቻ ነው።