በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የሚሰጥ ጨረር፦ ወደ አንጎል ለተሰራጨ ካንሰር

ከሳንባ፣ ከጡት፣ ከቆዳ ወይም ከኩላሊት ተነሥቶ አንጎል የደረሰ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ጉዳዩ በዚያ አያበቃም። ፓቼልና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ የአንጎል ዕጢ ብቻ የነበረባቸውና ዕጢው ሙሉ በሙሉ መውጣቱ በኤምአርአይ የተረጋገጠላቸው 95 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ጨረር ካልተሰጣቸው በ46 በመቶዎቹ ላይ ካንሰሩ እዚያው ቦታ ተመልሶ በቀለ፤ መላ አንጎላቸው ጨረር ካገኘው ላይ ግን በ10 በመቶው ብቻ። በማይክሮስኮፕ የሚሠራ እጀ ብልህ ሐኪም እንኳ ዕጢው በወጣበት ጉድጓድ ግድግዳ የተደበቁትን ሕዋሳት አያያቸውም።

የመላ አንጎል ጨረር ዋጋው ግን ከባድ ነው። በ2017 የወጣ የብራውንና ባልደረቦቻቸው ጥናት እንዳሳየው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ መላ አንጎላቸው ጨረር ካገኘ ሕሙማን መካከል በስድስት ወር ውስጥ 85 በመቶው የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ቀንሷል፤ ጨረሩ በጉድጓዱ ላይ ብቻ ያነጣጠረላቸው ግን 52 በመቶው። ሕክምናው ፊቱን ወደ ጉድጓዱ ያዞረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ማሃጃንና ባልደረቦቻቸው፣ ያነጣጠረው ጨረር በቀዶ ሕክምናው ቦታ ለአንድ ዓመት ከዳግም መብቀል ነጻ የሆኑትን ሕሙማን ከ43 ወደ 72 በመቶ ከፍ እንዳደረገ አሳዩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ በቀዶ ሕክምናውና በጨረሩ መካከል ያለው ጊዜ። ቁስሉ መዳን አለበት፣ ሕመምተኛው መጠንከር አለበት፣ ለዕቅድ የሚሆን አዲስ ምስል መነሣት አለበት። ሳምንታት ያልፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት ጉድጓዱ ይኮማተራል፣ ቅርጹም ይለወጣል፤ የጨረር ሐኪሙ የጠርዙን ትክክለኛ ሥፍራ በግምት ያሰምራል፤ በደም ሥር የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒትም ተራውን ይጠብቃል። ሰውነቱ ደክሞ ሳይመለስ የሚቀርም አለ። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ጨረር የመስጠት ሐሳብ ትልቁ ጥቅሙ፣ በእኔ ግምት፣ ይህን ጊዜ ከነጭራሹ ማስቀረቱ እንጂ የጨረሩ ዓይነት አይደለም።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ዕጢው ወጥቶ ደሙ ከቆመ በኋላ፣ ናሙናው እንደ በረዶ ተጋግሮ በፓቶሎጂ ባለሙያ ይታያል። ቀዶ ሐኪሙ የጉድጓዱን ስፋት ለክቶ ከ1.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ካላቸው ክብ አፕሊኬተሮች የሚገጥመውን ይመርጣል። ኳሱ በቀጭን ዘንግ ላይ ይሰካል፤ በዘንጉ ጫፍ እስከ 50 ኪሎቮልት የተገፉ ኤሌክትሮኖች ወርቅ ሲመቱ ኤክስሬይ በዙሪያው ይረጫል። ኢንትራቢም የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው። በኳሱና በግድግዳው መካከል አየር ወይም ፈሳሽ እንዳይኖር ይጠበቃል፤ ምክንያቱም ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ልክን ያዛባል። ከዚያ ሠራተኞቹ ወደ እርሳስ መከለያው ጀርባ ይሄዳሉ፤ ማደንዘዣ ሰጪው ከዚያ ሆኖ ሞኒተሩን ይከታተላል። መጠኑ በኳሱ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ ሥራውም በደቂቃዎች ያልቃል። ዝቅተኛ ጉልበት ያለው ጨረር ሩቅ አይሄድም፤ እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲግል ጀርባው እንደሚቀዘቅዘው፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያለው ጤነኛ አንጎል የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ይህ ጥቅም ጉድለትም ይዞ ይመጣል። ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ የቀረ ዕጢ ካለ ጨረሩ በበቂ አይደርሰውም። ኳሱ ክብ ነው፤ ጉድጓዱ ግን ሁልጊዜ ክብ አይደለም። የዓይን ነርቭ ወይም የአንጎል ግንድ አጠገብ ሲሆን ጨረሩን ከውጭ ጨረር እንደሚሰጠው ማሽን እንደ ሊኒየር አክስለሬተር በዕቅድ መቅረጽ አይቻልም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የበረዶው ናሙና ነው፤ በዚያ የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ሌላ ዓይነት ሕክምና የሚሻ ሊምፎማ ወይም ትንንሽ ሕዋስ ያለው የሳንባ ካንሰር ቢያመልጥ፣ የተሰጠ ጨረር አይመለስም።

ማስረጃውስ? በ2019 የታተመ የብዙ ማዕከላት ጥናት በዚህ መንገድ የታከሙ 54 ሕሙማንን ወደ ኋላ ተመልሶ መርምሯል፤ አማካይ ልኩ 30 ግሬይ፣ የአንድ ዓመት የአካባቢ ቁጥጥሩ (ካንሰሩ እዚያው ቦታ አለመመለሱ) 88 በመቶ፣ በጨረር ምክንያት የአንጎል ሥጋ መሞት ደግሞ 7 በመቶ ነበር። 88ን ከማሃጃን 72 አጠገብ አስቀምጦ በልጧል ማለት ግን አይገባም፤ ለንጽጽር የተመደበ ቡድን በጥናቱ የለም፣ ሕሙማኑም በሐኪሞች የተመረጡ ናቸው። በዚያው ጥናት ከአንጎል ሌላ ክፍል አዲስ ዕጢ ሳይታይ ዓመቱን የጨረሱት 58 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ኳሱ ከወጣ በኋላም በየጊዜው ኤምአርአይ ማንሣት ግድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለከት፣ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ተራ መጠበቅም ወራት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ወፍራም ግድግዳ ያለው ልዩ ክፍል የማይፈልግና በጎማ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ለዚህ ዓይነት ሁኔታ ማማለሉ አይቀርም። ነገር ግን መሣሪያው በየቀዶ ሕክምናው ልኩን የሚያረጋግጥ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ ናሙናውን ወዲያው የሚያነብ ፓቶሎጂስት፣ ቀዶ ሐኪምና የጨረር ሐኪም በአንድ ክፍል ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ በዕለቱ ካልተገኘ ቀዶ ሕክምናው ያለ ጨረር ይጠናቀቃል፤ ሕመምተኛውም ወደ ተለመደው ተራ ይገባል።