ሃያኛ የወጣው ዘፈን

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ሒሳቡ ባላንስ ካላደረገ ወደ ቤቴ አልሄድም። ስለዚህ ቁጥርን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ላወጋችሁ የፈለግሁት ቁጥር ስላቀለለው፣ አድማጮቹ ግን አንሥተው ስላከበሩት አንድ አልበም ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ካሴቱን ያገኘሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ እናቴ ቤት፣ የሟች አጎቴን ዕቃ ከያዘ ካርቶን ውስጥ ነው። ሽፋኑ ላይ ሁለት ፈረንጆች ቀይ ጽጌረዳ ይዘው ተቀምጠዋል። ለንደን የሚኖር ጓደኛው እንደላከለት እናቴ ነገረችኝ፤ ከዚያ በላይ አላወራችም።

ሁለቱ ሰዎች ፔት ሾፕ ቦይስ ይባላሉ። ኒል ቴናንት ይዘፍናል፤ ክሪስ ሎው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ፊቱን ሳይፈታ፣ ከኪቦርዱ ኋላ ይቆማል። የተዋወቁት በ1981 ለንደን ውስጥ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ነው። ከ1986 እስከ 1988 ባሉት ዓመታት አራት ዘፈኖቻቸው በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጡ። ቴናንት ያን ወቅት በኋላ «የንጉሠ ነገሥትነት ዘመን» ብሎ ጠርቶታል፤ የነኩት ሁሉ የሚሰምርበት ዘመን ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ዘመን ደግሞ ስም የሚወጣለት ካለፈ በኋላ ነው።

«ቢሄቪየር» (ጠባይ እንበለው) የወጣው በጥቅምት 1990 ነው፤ አራተኛው የስቱዲዮ አልበማቸው። የቀዱት ሙኒክ ሄደው ከሃሮልድ ፋልተርማየር ጋር ነበር። ሰውዬውን በስም ባታውቁት እንኳ በዜማ ታውቁታላችሁ፤ በ1984 «ቤቨርሊ ሂልስ ኮፕ» ለተባለው ፊልም «አክሰል ኤፍ»ን የደረሰው እሱ ነው። የፈለጉት በአሮጌዎቹ የአናሎግ ሲንተሳይዘሮች ላይ ላለው ሙያ ነው። ሁሉም አዲስ መሣሪያ ወደሚሸምትበት ገበያ እነርሱ ወደ አሮጌው ተመለሱ፤ ድምፁም ሞቀ፣ ረጋ፣ ከጭፈራው ቤት ወጥቶ ሳሎን ተቀመጠ። የዘ ስሚዝሱ ጆኒ ማር በሁለት ዘፈኖች ጊታር መታላቸው። ከእነዚያ አንዱ «ማይ ኦክቶበር ሲምፎኒ» ሲሆን፣ ሲምፎኒውን ለጥቅምቱ አብዮት ያበረከተ ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ አብዮቱ ሲከዳው ሥራውን ምን ሊያደርገው እንደሚገባ ግራ ሲገባው ያሳያል። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ለአብዮት በዓል መዝሙር ደርሰው በ1991 መዝሙሩን የት እንደሚያኖሩት የጠፋቸው የእኛ ሰዎችም ይህን ጭንቀት የሚያውቁት ይመስለኛል።

አልበሙ በእንግሊዝ ሁለተኛ ወጣ። የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈን «ሶ ሃርድ» አራተኛ፤ በኅዳር የተከተለው «ቢይንግ ቦሪንግ» ደግሞ ሃያኛ ላይ ደርሶ ቆመ። አንደኛነት ለለመደ ሰው ሃያኛነት የውድቀት ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ ሃያኛ ዘፈን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ቴናንት በልጅነቱ በኒውካስል አብሮት ያደገ ወዳጅ ነበረው። ወዳጁ በኤድስ ታመመ፤ በ1989 ዐረፈ። የዘፋኙን ሥራዎች በጥንቃቄ የሚከተሉ አድማጮች ሐዘኑን በሦስት ዘፈኖች ያነቡታል። በ1987 የወጣውና ከኤንዮ ሞሪኮኔ ጋር የተደረሰው ስለ ሕመሙ መሰማት ነው፤ በ1989 በሌላ ነጠላ ዘፈን ጀርባ የተቀዳው አጭሩ ስለ ቀብሩ ነው፤ ሦስተኛው «ቢይንግ ቦሪንግ» ነው። ርእሱ «አሰልቺ መሆን» ማለት ሲሆን፣ መነሻው የዜልዳ ፊትዝጄራልድ ጽሑፍ ነው። ዜልዳ በ1922 ስለ ዘመኗ ወጣት ሴቶች ስትጽፍ፣ ራሷ አሰልቺ ያልሆነች ሴት መሰልቸትን አታውቅም የሚል ሐሳብ አስፍራ ነበር። ይህ አባባል ወጣት ሳሉ ኒውካስል ውስጥ በተደገሰ ግብዣ የጥሪ ወረቀት ላይ ተጽፎ ደረሳቸው። ዘፈኑ ያን ወረቀትና የቆዩ ፎቶግራፎችን በማግኘት ይጀምራል፤ ከዚያ ወጣቱ ከተወለደበት ከተማ በባቡር ይወጣል፤ በመጨረሻው ክፍል የተመኘውን ሰው ሆኗል፣ አብረውት ይኖራሉ ያላቸው ግን የሉም።

በሽታው በዘፈኑ ውስጥ አንድም ጊዜ በስሙ አልተጠራም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1987 ስለ ኤድስ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ለየቤቱ ልኳል፤ ስሙን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ነገር ግን በሽታው ለንደን ውስጥ በተለይ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችን ይጨርስ ስለነበር ከሐዘኑ ላይ ነውር ተጭኖበታል። ቴናንት ራሱ ስለ ማንነቱ በይፋ የተናገረው በ1994 ነው። ዘፋኙ ስሙን ያልጠራው ፈርቶ ነው የሚል ካለ አልሟገተውም። እኔ ግን ሌላ ነገር እሰማለሁ፤ ስሙን ቢጠራው ኖሮ ዘፈኑ ስለ በሽታው በሆነ ነበር። አሁን ስለ ጓደኛው ነው።

ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው እንኳ የዘፈኑን ክብደት ወዲያው አላወቁትም። በ1991 ለትርኢት ሲዞሩ መጀመሪያ ላይ ከዝርዝራቸው ውጭ አደረጉት። አድማጮቻቸው ቅር ተሰኙ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጋንስ ኤንድ ሮዝስ ዘፋኝ አክስል ሮዝ፣ ያ ሁሉ ጩኸትና ጊታር ያለው ሰው፣ ከመድረክ ጀርባ መጥቶ ይህን ዘፈን ባለመዝፈናቸው ማዘኑን ነገራቸው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። በኋላም በዝርዝሩ ገባ። ብሩስ ዌበር በጥቁርና ነጭ የቀረጸለት ፊልምም እንደ ዘፈኑ ቀስ እያለ ወዳጅ አፈራ። በ2022 በተጀመረው «ድሪምወርልድ» የተባለ ጉዟቸው ትርኢቱን የሚዘጉት በዚሁ ዘፈን ሆነ፤ አንደኛ የወጡት ሁሉ ቀድመው ይዘፈናሉ። በ1990 ሃያ ዓመት የነበረው አድማጭ ያን ጊዜ ሃምሳ አልፎታል፤ እርሱም የራሱን ፎቶግራፎች ይዞ ነው የሚመጣው።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። አጎቴ የሞተው በ1999 ነው፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ባደረበት ሕመም ሲረዳ ቆይቶ» ተባለ። በዚያ ዘመን በሰፈራችን የተነበቡት ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚሉት፤ ሕመሙ ያድራል እንጂ ስም የለውም። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 ነው፤ ስድስት ዓመት ዘግይቶበታል። የእኛ ዝምታና የቴናንት ዝምታ አንድ ናቸው አልልም። እኛ ስሙን ያልጠራነው ለሟቹ ክብር ይሁን ለራሳችን፣ እናቴን ብዙ ጊዜ ልጠይቃት አስቤ ተውሁት።

ያን ካሴት በአሮጌ ቴፕ ላይ አድርጌ ስከፍተው የመጀመሪያው ዘፈን ድምፁ ይንገዋለል ነበር። ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ወደ ፊት አሳለፍሁት፤ ሁለተኛው ዘፈን ጥርት ብሎ ወጣ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ገልብጬም ሰማሁት፤ ደኅና ነው። የሳሳው የመጀመሪያው ዘፈን ያለበት ክር ብቻ ነበር፤ «ቢይንግ ቦሪንግ» ነው። አጎቴ እየሰማው ወደ ኋላ ያጠነጥነው ነበር ማለት ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ የመዘገበ የለም።