ከመኝታ ክፍል የወጣው ካሴት

የሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ ሲነሣ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ይወሳሉ፤ እኔ ግን አንድ የካሴት መሣሪያ ላንሣ። የጃፓኑ ቲያክ ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታስካም ፖርታስቱዲዮ 144 በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፆችን ለየብቻ ይቀዳ ነበር። የካሴቱን ሁለቱንም ገጽ በአንድ አቅጣጫ፣ በእጥፍ ፍጥነት ስለሚያስኬድ የ60 ደቂቃው ካሴት 15 ደቂቃ ብቻ ይይዛል (ክር መቆጠብ አያውቅም!)።

በ1982 እ.ኤ.አ. መግቢያ አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ኒው ጀርሲ ውስጥ በተከራየው ቤት፣ መኝታ ክፍል ተቀምጦ፣ ለባንዱ ማስጠኛ እንዲሆኑት አዳዲስ ዘፈኖቹን በዚሁ መሣሪያ ቀዳ። ባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ ቢጫወታቸውም አልረካም፤ ያ የመኝታ ክፍል ጸጥታ ከየት ይምጣ! በመጨረሻ ያለ ማኅደር በኪሱ ይዞት ሲዞር የከረመው ካሴት ራሱ በዚያው ዓመት «ነብራስካ» ተብሎ ወጣ። ደካማውን ድምፅ ወደ ሸክላ ለማስተላለፍ ግን ባለሙያዎቹ አሳራቸውን አይተዋል።