«ግምጃ ቤት» እና «ዩኤስአር»

በእንፍራንዝ አጠገብ የሚገኘው የጉዛራ ግንብ በልማድ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። በነገሥታቱ ግቢ የንብረት ማኖሪያው «ግምጃ ቤት» ነበረ። ግምጃ ውድ ጨርቅ ነው፤ ስሙ ግን ከጨርቁ አልፎ ገንዘብንና ልዩ ልዩ ንብረትን አቀፈ።

የሊኑክስ ታሪክም ይህንኑ ይመስላል። የተጫኑ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚቀመጡት በ«ዩኤስአር» ሥር ባለው «ቢን» ነው። «ዩኤስአር» በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በዩኒክስ የተጠቃሚዎች የግል ማኅደር ነበረ። ዋናው ዲስክ ሲሞላ ፕሮግራሞች ወደዚያ ተሻገሩ፤ ኋላም ተጠቃሚዎቹ ወደ «ሆም» ተዛወሩ፤ ስሙ ግን ጸና።

ስለዚህ ተርጓሚ «የተጠቃሚ ማኅደር» ቢል አንባቢውን የግል ጽሑፉን ፍለጋ ወደማይገኝበት ስፍራ ይመራዋል። በትእዛዝ ውስጥ ስሙ እንዳለ ይጻፍ፤ በፍች ግን «የፕሮግራም ግምጃ ቤት» ይባል ዘንድ እናሳስባለን።