የሕግ ምንነትና ከባህላዊ ሽምግልና ጋር ያለው ግንኙነት

ሕግ ማለት ሰዎች በኅብረተሰብ ውስጥ በሰላም እንዲኖሩ ሥልጣን ባለው አካል የሚወጣ፣ ሁሉም እንዲያከብረው የሚገደድበትና ሲጣስ ተጠያቂነትን የሚያስከትል ደንብ ነው። ከልማድና ከግብረ ገብ የሚለየው በመንግሥት ኃይል የሚፈጸም በመሆኑ ነው።

ኢትዮጵያውያን ለሕግ የሚሰጡት ክብር ከዘመናዊ አዋጆች የቀደመ ነው። የተጣሉ ሰዎችን «በሕግ አምላክ» ብሎ ማስቆም የቆየ ልማድ ነው። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ብሂልም ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የንብረቱ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን መብቱ ያለ አግባብ መወሰዱ መሆኑን ያስረዳል።

የሕግ ዋና ዋና ባሕርያት

• ጠቅላላነት፦ ሕግ ለአንድ ግለሰብ ተብሎ አይወጣም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል።
• አስገዳጅነት፦ ሕግን ማክበር በግለሰቡ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ አይደለም።
• ታውጆ መታወቅ፦ የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልል ሕጎች በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይወጣሉ። በመሆኑም ሕጉን አላውቅም ማለት በመርህ ደረጃ መከላከያ አይሆንም።
• ተዋረድ፦ በአንቀጽ 9 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም።

ሽምግልና እስከ ምን ድረስ?

በላስታና በአካባቢው ደጋማ ቀበሌዎች የድንበር መግፋት፣ የውርስ፣ የብድርና የትዳር አለመግባባቶች ፍርድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት በሽማግሌዎችና በንስሐ አባቶች ፊት መታየታቸው የተለመደ ነው። ሕጉም ለዕርቅ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ሆኖም ወሰኑን አለማወቅ መብትን ያሳጣል።

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ባለጉዳዮች በነጻ ፈቃዳቸው የደረሱበት የግልግል ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ክስ ከተጀመረ በኋላም ታርቀው ስምምነታቸው በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ መጠየቅ ይችላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ያልፈቀደን ወገን፣ ለምሳሌ ፍቺ የጠየቀችን ሚስት፣ በሽማግሌ ውሳኔ ማስገደድ አይቻልም።

በነፍስ ግድያ ጉዳይ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ የሚያደርጉት ዕርቅ በቀልን ስለሚያስቀር ለሁለቱም ቤተሰቦች ትልቅ ዋጋ አለው። ነገር ግን የገዳዩን የወንጀል ተጠያቂነት አያስቀርም። የሟች ቤተሰብ ይቅር ቢልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ግን ተበዳዩ ካላመለከተ ክስ አይቀርብባቸውም።

ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላ ልጅን መዳር በወላጆች ወይም በሽማግሌዎች ስምምነት ሕጋዊ አይሆንም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 መሠረት እንዲህ ያለውን ጋብቻ የፈጸመ ሰው ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

መሬትን በሚመለከት በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች የፈረሙበት ቢሆንም የመሬት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት አይጸናም። ባለይዞታዎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን በጥንቃቄ መያዝ፣ ባልና ሚስትም በጋራ ይዞታቸው ላይ የሁለቱም ስም መመዝገቡን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

አቤቱታ የሚቀርበው የት ነው?

የወንጀል ጥቆማ በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ይቀርባል። የፍትሐ ብሔር ክስ እንደ ጉዳዩ ዓይነትና ግምት በወረዳ ወይም በዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። በወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኙን ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቀርባል። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው አቅም እንደሌለው በማስረጃ አስደግፎ በድሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 የተረጋገጠ በመሆኑ፣ ወደ ሽማግሌ መሄዱ ይህን መብት አያሳጣውም፤ በነጻ ፈቃዱ በገባው የግልግል ስምምነት ግን ይገደዳል።