ፍጻሜ ያልነበረው ዋንጫ

የቢስቲማ ወጣቶች ዋንጫ ሲያዘጋጁ «ጥሎ ማለፍ ይሁን ወይስ ዙር?» ብለው ቢሟገቱ፣ ሙግቱ የአፍሪካ ዋንጫን ያህል ዕድሜ አለው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ስትወጣ፣ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተረታች።

በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግን ፍጻሜ የሚባል ጨዋታ አልነበረም፤ ከየምድቡ ያለፉ አራት ቡድኖች በዙር ተጋጠሙ። በመጨረሻው ቀን ለሞሮኮ አቻ ይበቃት ነበር፤ ጊኒ ግን ማሸነፍ ነበረባት። ጊኒ ቀድማ አገባች፤ በ86ኛው ደቂቃ ሞሮኮ አቻ አደረገችና ዋንጫውን ወሰደች። ጊኒ በውድድሩ አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ ተመለሰች። ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ እኔ ግን ጭማሪ ሰዓትን እመርጣለሁ፤ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 የረታነው በእርሱ ነውና፤ አድልዎዬን ይቅር በሉኝ።